ከአሰብ በጄሪካን የመጣች ዛጎል

እኔ እንደሆንኩ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ወጥ ስሠራ ክዳኑን በየደቂቃው እየከፈትኩ ስለማይ በወጉ በስሎ አያውቅም። ዘር ብዘራ በማግስቱ አፈሩን ጭሬ በቅሎ እንደሆነ አያለሁ። ባሌ «አንቺ ቆመሽም ሞተርሽ አይጠፋም» ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ሳሎኗ ውስጥ ከመስታወት ሣጥን ፊት ተቀምጣ የባሕር ዛጎል እስኪከፈት ትጠብቃለች ቢሉ ማን ያምናል? እኔ ግን ጠበቅኩ። በደርግ ዘመን፣ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ፣ ኮልፌ ላይ ዛጎል አሳደግኩ፤ ፎቶም አነሳኋት።

ባሌ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ተሳቢውን እየጎተተ ይወርዳል፣ ወደብ ላይ ጭኖ ይመለሳል፤ ሲቀናው በሁለት ሳምንት፣ ሳይቀናው ወር ይሞላዋል። ዘመኑ የጦርነት ነበርና መንገዱ ሲዘጋ መኪኖቹ አጃቢ እስኪመጣላቸው በረሃ ላይ ተደርድረው ይውላሉ። ስልክ የለን፣ ወሬ የለን። ሾፌር ያገባች ሴት ተረጋግታ አትቀመጥም። ወደ አስኮ የሚያልፈው መንገድ ከቤታችን ስለማይርቅ የከባድ መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ሲያልፍ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ከሥራ የተረፈኝ ሰዓት ሁሉ በዚህ ነበር የሚያልቀው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አናቱ የተቆረጠ ጄሪካን አቅፎ ገባ። ማር መስሎኝ ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ የደፈረሰ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ ያልታጠበ የበግ ጨጓራ የመሰለ ነገር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ተኮማትሯል።

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ይኼን ደግሞ ከየት ጎርጉረህ አመጣህብኝ አልኩት። እሱ ምን ሲያደርገው፣ እየሳቀ ጄሪካኑን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠና ዝም ብለሽ እዪ አለኝ። ዝም ብሎ ማየት ለኔ ቅጣት ነው። ምሳውን ላቀርብለት ጓዳ ገብቼ ስመለስ ግን ያ ጨጓራ ተዘርግቶ፣ ከላዩ ጥቃቅን አበቦች አውጥቶ ጠበቀኝ። እያንዳንዷ አበባ ከክብሪት ራስ አትበልጥም፤ ቀለሟ ወርቃማ ሆኖ ጫፏ ላይ አረንጓዴ ነገር አለው። ሁሉም በአንድ ላይ ይወዛወዛሉ። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ምሳውም ቀዘቀዘ።

ከባሕር ያወጣት ባሌ አልነበረም። እሱ በረሃውን እንጂ ውሃውን አይደፍርም፣ እስከ ጉልበቱ እንኳ አይገባም። ያወጣት የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ያሉት የእትዬ አንድያ ልጅ። ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው ከመንገድ ታፍሶ ነው። ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ በዚያው ሄደ። ዕድል ቀንቶት አሰብ ተመደበና እዚያ ዋና ተማረ። ባሌን ወደብ ላይ ሲያገኘው ኮልፌን ያገኘ ያህል ይሆናል፤ መኪናውን እየዞረ ይነካካል፣ ስለ ሰፈሩ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ዛጎሏንም፣ ፈረንጆች ኮራል የሚሏትን፣ ከነድንጋይዋ ፈልቅቆ አወጣና «እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም፣ ይቺን አሳይልኝ» ብሎ ሰጠው።

እንግዲህ አምጥቷታልና መኖሪያ ያስፈልጋታል። ባሌ መስታወት አስቆርጦ፣ በብረት ፍሬም አስገጥሞ፣ በስቱኮ ደፈነው። ውሃ ሞልተን ሳንጨርስ ወለሉ ላይ ፈሰሰና ምንጣፌ ተበላሸ። ያን ቀን የተናገርኩትን አልደግመውም። ሁለተኛ በማስቲሽ አጥብቆ ሠራው፣ ያዘ። አየር ከየት ይምጣ? ከመኪናው ጎማ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ ነፍቶ፣ ቀጭን ቱቦ አስሮ፣ ውሃው ውስጥ ቱፍ ቱፍ እንዲል አደረገው። ላስቲኩ ሲሟሽሽ በብስክሌት ፓምፕ እየነፋሁ የምሞላው እኔ ነኝ፤ ክንዴ የወንድ ክንድ ሆነ። ብርዱን ለማስታገስ ትልቅ አምፖል ከላይ አንጠለጠልን። መብራት ሲጠፋ ውሃ አፍልቼ በጠርሙስ ከድኜ ውስጡ አስቀምጥላታለሁ፤ ለሰው ልጅ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም።

ጨዋማውን ውሃ ባሌ በየጉዞው በጄሪካን ያመጣል። አሮጌውን ቀድተን አዲሱን እንተካለን። በመካከሉ ውሃው በተነነ ቁጥር እኔ ሞኝ ያንኑ የባሕር ውሃ ስጨምርበት ዛጎሏ ኩርምት አለች። ለካ ውሃው እንጂ ጨዉ አይተንም! ከዚያ ወዲህ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ነበር የምሞላው፤ ጠዋት ጠዋት ጣቴን ነክሬ በምላሴ ሳልቀምስ ከቤት አልወጣም። የሠፈር ሰው በመስኮት አይቶኝ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። ምግቧ ደግሞ ፀሐይ ነበረች። ረፋዱ ላይ በመስኮቱ የምትገባዋን ጨረር ካገኘች ሌላ አትጠይቅም።

ልጁ ደስ ብሎት ሌሎችም ላከ። አንዷ ሮዝ ነበረች፣ የሠርግ ጥልፍ የመሰለች፤ ከሁሉም አስበልጬ የወደድኳት እሷን ነው። ፀሐይ አልበቃትም መሰለኝ ሳምንት ሳትቆይ ሟሙታ ቤቱን በሽታ ሞላችው፤ ምርር ብዬ አለቀስኩ። ሌላዋ ነጣ ብላ እንደ ሕፃን እጅ የምትጨበጥና የምትዘረጋ ናት። ያለ ዕረፍት ትጨብጣለች፣ ትዘረጋለች። እሷን ሳይ የራሴን ጠባይ ያየሁ ይመስለኛል፤ አንድም ቀን አርፋ አላየኋትም። የመጀመሪያዋ ግን፣ ወርቃማዋ፣ የሁሉም አለቃ ሆና ቀረች።

እትዬ ልጃቸው የላከውን ሊያዩ ሲመጡ በሩን የከፈተላቸው ባሌ ነው። እትዬ የጎጃም ሰው ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ ጥርት ያለ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሣጥኑን አዩና ምንድን ናት ብለው ጠየቁት። ባሌ ምን ብሎ ይጥራት? አበባ እንዳይላት እንስሳ ናት፣ እንስሳ እንዳይላት ካለችበት አትነቃነቅም።

«ዛጎል ናት» አላቸው።

አይ የሰው ቃል! በረሃ ለበረሃ ሲዞር ዛጎል ለኛ ሰው ምን እንደሆነ ረስቶታል። ዛጎል ማለት ሰፌድ ላይ ተጥሎ የጠፋ ከብት የሚያሳይ፣ የሩቅ ሰው ደህንነት የሚናገር ነው። እትዬ አማተቡ፤ ግን አልሄዱም። ቅድም ባሌ ውሃ ሲቀይር በጄሪካኑ ነክቷት ስለነበር ወርቃማዋ ተኮማትራ ነበር። ሴትየዋ ጎንበስ ብለው ሲያይዋት፣ እንደ ልማዷ ቀስ እያለች ተዘረጋች፤ አበቦቿን አንድ በአንድ አወጣች። እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ልጄ ደህና ነው» አሉ።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አላውቅ፤ ኧረ እትዬ፣ ይቺ የምትጣለዋ ዛጎል አይደለችም፣ ነገሯ ሌላ ነው ልላቸው ስጀምር ባሌ በክርኑ ጎሸመኝ። ከሄዱ በኋላ ምን አስጨነቀሽ፣ ይጽናኑበት አለኝ። መጽናናቱስ ባልከፋ። እኔ የታየኝ የመጽናናቱ ማዶ ነው። ሲከፈት ደህና ነው ያሉ ሴትዮ፣ ሲዘጋስ ምን ሊሉ ነው? ሞታ ቢያገኟትስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛጎል ማሳደግ ጨዋታ መሆኑ ቀረብኝ። የእኚህን እናት ተስፋ በመስታወት ሣጥን አስገብተው ለእኔ ሰጡኝ፤ ለእኔ፣ የጎመን ችግኝ እንኳ አሳድጌ ለማላውቀው።

እትዬ በየቀኑ መምጣት ጀመሩ። ከቅዳሴ መልስ፣ ከገበያ መልስ፣ አንዳንዴም ከምንም መልስ። «እንደምን አደረች?» ብለው ነው የሚገቡት፤ እኔን እንደምን አደርሽ ማለት ትተዋል። ዛጎል ማመናቸው ያሳፍራቸዋል፤ ካህናቱ እንዳይሰሙ ለማንም እንዳላወራ አስምለውኛል። አንድ ቅዳሜ ግን ከሥራ ስመለስ ሣጥኑ አጠገብ በጠርሙስ የያዙትን ጸበል ሲያንጠባጥቡ ደረስኩ። ጮህኩ። ጨው ነው የምትፈልገው፣ ሳይለካ የሚገባ የመጠጥ ውሃ ይገድላታል ብዬ ጠርሙሱን ከእጃቸው ልነጥቅ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ረጋ ብለው ክዳኑን ገጠሙ።

«አንቺ ልጄ፣ ክርስቲያን አድርጌ ልጠይቃት ብዬ ነው» አሉኝ።

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፣ ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ጸበሉን መስታወቱ ላይ ከውጭ ይረጩታል፣ እኔ እወለውለዋለሁ።

ሥራዬ ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ነው። ሬቱሽ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ማለት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጠባሳ የማጠፋ፣ ቅንድብ የማሰማምር፣ ለፈለገ ደግሞ በጥጥና በቀጭን ብሩሽ ቀለም የምቀባ። የሚበዙት ደንበኞቻችን ወታደሮች ናቸው። ወደ ግንባር ሊሄዱ ሲሉ ይመጣሉ፣ ፊታቸው ገና ጢም ያላበቀለ። ፎቶው ለእናታቸው ነው። ለእያንዳንዳቸው ጉንጭ ላይ ትንሽ ሮዝ እቀባለሁ፣ እናቶች የወዛ ልጅ ማየት ስለሚወዱ። የእትዬ ልጅ ግን ከመንገድ እንደታፈሰ ሄዷልና ፎቶ አልነበረውም። እሳቸው ጋ ያለችው አንዲት ፎቶ የክርስትናው ቀን የተነሳች ናት፤ ታቅፎ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ እንኳ አይታይም።

ዛጎሏን ፎቶ ላንሳት ያልኩት በራሴ ጉጉት ነው፤ ባሌ ለልጁ ወስዶ እንዲያሳየው አሰብኩ። የፎቶ ቤቱን ካሜራ ለእሑድ ተውሼ መጣሁ። የዛጎል ፎቶ እንዴት መከራ እንደሆነ ያነሳ ያውቃል! የመጀመሪያውን ፊልም ሳጥበው ዛጎሏ የለችም፤ መስታወቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ካሜራ ፊቴ ላይ ደቅኜ፣ ከኋላዬ መስኮቱና የእትዬ አጥር። ቀጥሎ ጥቁር ጨርቅ ሰቀልኩ፣ ለካሜራው ዓይን ቀዳዳ አበጀሁና ከጨርቁ ጀርባ ተደበቅኩ። አሁን እኔ ጠፋሁ፣ አበቦቹ ግን ስለሚወዛወዙ ደበዘዙ። ፀሐይ ቀጥታ እስክትገባ፣ ላስቲኩ ሟሽሾ ውሃው እስኪረጋ፣ ትንፋሼን ውጬ መጠበቅ ነበረብኝ። እግሬ ይበላኛል፣ ውጭ መኪና ያልፋል፤ ብድግ ልበል ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ሁሉም ገጠመልኝ፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ላይ ቀስ ብላ ስትወጣ አየኋት፣ እያንዳንዷ አበባ ለብቻዋ።

ቀለም ስቀባት የእጄ ልማድ አሸነፈኝ። ወርቃማውን ቀባሁ፣ አረንጓዴውን ነካ ነካ አደረግኩ። ከዚያ ብሩሼ ሳላስበው ሮዙ ውስጥ ገባና ክቡ አካሏ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ለወታደሮቹ ጉንጭ የምቀባውን ቀባሁላት። ሳየው ፊት መስሏል። አስቀያሚ ሆነ ብዬ ልቀደው ስል እትዬ ደርሰው ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩት፣ ሳሙት፣ ጡታቸው ሥር ወሸቁት። ለልጁ የሚወስደውን ሌላ አጥቤ ለባሌ ሰጠሁት፤ ተቀብሎ ያለ ወትሮው ምንም ሳይል ኪሱ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ባሌ የሚያመጣቸው ዛጎሎች ሌላ ሆኑ። ልጁ ከነድንጋይዋ በጥንቃቄ ነበር የሚያወጣት፤ አሁን የሚመጡት ሥራቸው የተቦጨቀ፣ ድንጋያቸው በብረት የተፈነከተ ነው። ተቆጣሁ፤ ልጁን ንገረው፣ እንዲህ እየገነጠለ የሚልክ ከሆነ ይቅርብኝ አልኩ። ባሌ እሺ እነግረዋለሁ ብሎ ወጣ። እትዬም ልጄን አየኸው ወይ ሲሉት አዎ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበታል ይልና ጎማ ሊፈትሽ ይወርዳል። የልጁ ደብዳቤ መምጣቱን ካቆመ ቆይቶ ነበር። እትዬ ደብዳቤውን ትተው ዛጎሏን የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ባሌ ዘገየ። መንገድ ተዘግቷል ይባላል፣ ተከፍቷል ይባላል። ውሃው አረጀብኝ፣ ፀሐይ ጠፋች፣ መብራት በየጊዜው ይሄዳል። አንድ ጠዋት ወርቃማዋ አበቦቿን ሁሉ ከተተች። ይሁን፣ ደክሟት ነው አልኩ። በማግስቱም አልከፈተች፤ በሦስተኛውም። አካሏ ጠቦ ገረጣ፣ ላይዋ ላይ የሰም የመሰለ የሚያብለጨልጭ ነገር ጋገረባት። ውሃውን ቀመስኩ፣ ደህና ነው። አምፖሉን አቀረብኩ፣ አራቅኩ። ላስቲኩን እስኪፈነዳ ነፋሁ። ሥራ ቦታ ሆኜ የወታደር ዓይን ላይ ቅንድብ ቀባሁ። ወደ ቤት ስሮጥ፣ ስሮጥ፣ ገና ከበሩ ሣጥኑን አያለሁ፤ እንደዚያው ናት።

እትዬን በር ላይ ማስቀረት ጀመርኩ። ቤቱ አልተጠረገም፣ ራሴን አሞኛል፣ ነገ ይምጡ። እሳቸው ግን ሞኝ አይደሉም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ላይ በውጭ በኩል ግንባራቸውን አስደግፈው ቆመዋል። ያየውን ዓይናቸውን አልመልሰው። አሟታል፣ ትድናለች፣ ባሌ አዲስ ውሃ ይዞ እየመጣ ነው አልኳቸው፤ ቃላቱ በአፌ ተንጋጉ። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ መቼ እንደዘጋች። ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ጣቴን ውሃው ውስጥ ነክሬ ሳለሁ ከአጥሩ ማዶ ያ ጩኸት ተነሳ። ኮልፌ ያደገ ሰው የትኛው ጩኸት ለምን እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። ጣቴን ሳልጠርግ ሮጥኩ። እትዬ ግቢው መሐል መሬት ላይ ናቸው፣ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። ሴቶች ከየበሩ እየወጡ ነው። ማን መርዶ እንዳመጣ የጠየቀ የለም፤ እናት ስትጮህ አብሮ ይጮሃል እንጂ አይጠየቅም። ረፋዱ ላይ ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ደረደረ።

ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ተይዞ ይለቀሳል፤ ወጉ ነው። እትዬ ደግሞ የልጃቸው ፎቶ የላቸውም። ከጡታቸው ሥር ያወጡት የዛጎሏን ፎቶ ነበር። በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይዘው፣ ወዲያና ወዲህ እያሉ፣ ስሙን እየጠሩ አለቀሱ። ሴቶቹ ፎቶውን ተቀባበሉት። ምን እንደሆነ አላወቁትም፤ አንዷ አየችው፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ሮዝ በጣቷ ዳሰሰችና «ምን ያለ ልጅ!» ብላ ደረቷን መታች። እኔ በዚያ ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰው ሳይሞት ለቅሶ ተቀምጠናል፣ ያውም የተቀመጥነው ለአንድ የባሕር ነገር ነው ብዬ ልናገር ከጀለኝ። እንዴት ይባላል? የትስ ይጀመራል?

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። በዚያን ጊዜ ለወታደር መርዶ የሚነገረው በመንግሥት በኩል ነበር፤ ሳይነገር ማልቀስ በሬ ወለደ ወሬ ከመንዛት ይቆጠራል። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ግን ፈርቷል። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መርዶውን ማን ነገረዎት አላቸው። አሁን ስሜን ይጠራሉ፣ ዛጎል የምታስጥል ሴት አለች ይላሉ፣ ከነሣጥኔ ቀበሌ እገባለሁ። እትዬ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ሆዴ ነው የነገረኝ» አሉት። «ሆዴን እሰረው።»

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አውልቆ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ድንኳኑ ከሠልስት እንዳያልፍ ለዕድሩ ዳኛ ነግሮ ሄደ።

ሠልስቱ ዕለት ጠዋት እንቅልፍ ያጣ ዓይኔን አሻሽቼ ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። ልጥላት ነበር የሄድኩት፤ ሳትሸት ልቅበራት። ውሃው ላይ አንድ ስስ ገለፈት ተንሳፍፏል፣ የወተት ስልባቦት የመሰለ። ያ ሰም ከላይዋ ተገፎ ወጥቷል። ሥሩ ያለችው ዛጎል ጥርት ብላ፣ ከበፊቱም ሰፍታ፣ አበቦቿን ግማሽ ድረስ አውጥታ ነበር። ለካ አልሞተችም፣ ለካ ቆዳዋን እየቀየረች ኖሯል! እያየኋት የቀሩት አበቦችም ወጡ፣ ተወዛወዙ። እልል አልኩ። ብቻዬን፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ የሠልስት ዕለት። ልጁ አለ ማለት ነው ብዬ አመንኩ፤ እኔ፣ ስሟገት የኖርኩት፣ ከእትዬ ብሼ አመንኩ። ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ እየሮጥኩ ወጣሁ።

በራችን ላይ ባሌን አገኘሁት። የመኪናውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሰማው ደርሷል። አቧራ ለብሶ፣ በሁለቱም እጁ ጄሪካን ይዞ፣ ወደ ድንኳኑ እያየ ቆሟል። እንኳን በደህና መጣህ ልለው፣ ተከፈተች ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ማን ነገራቸው?» አለ።

ማን ሞተ አላለም። ምን ሆኑ አላለም። ሁለት ጊዜ ነው የተረዳሁት፤ መጀመሪያ ቃሉን፣ ቀጥሎ እሱን። ጄሪካኖቹን አስቀምጦ የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። ልጁ ከአሰብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ከተወሰደ ቆይቷል። ሄዶ ብዙም አልሰነበተም። ከጓደኞቹ አንዱ፣ እጁ ተቆርጦ የተመለሰው፣ ወደብ ላይ ለባሌ ነግሮታል። የዛጎሏን ፎቶ ከእኔ የተቀበለ ጊዜ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። መንግሥት ሳይናገር ልናገር ብል ይይዙኛል፣ ደግሞም አፌ እንቢ አለኝ አለ። ዛጎሎቹን ጉልበቱ ድረስ ባሕር ገብቶ በጎማ መፍቻ ብረት ሲፈነክት የነበረው ራሱ ነው፤ እትዬ የልጃቸው ሰላምታ እንዳይቀርባቸው። ልመታው እጄ ተነሣ። ጠላሁት፣ ደግሞ አንጀቴን በላኝ። እጄ ትከሻው ላይ ወደቀና እዚያው ቀረ።

መሄድ ነበረብኝ፤ እልልታዬን ሰምተው ሊሆን ይችላል፣ ስሮጥም አይተውኛል። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ እትዬ ፍራሹ ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ሦስት ቀን ያለቀሱበት ፊታቸው አብጦ፣ ዓይናቸው ብቻ ነቅቶ ጠበቀኝ። ፎቶው ጭናቸው ላይ ነው። በክንዴ ይዘው ወደ ጆሮዬ ጎተቱኝ።

«ተከፈተች?» አሉኝ።

እኔ ዝም ማለት የማላውቀው ሰው፣ ምላሴ ላይ የተገኘውን የምናገር ሰው፣ ያን ጊዜ ግን አንዲት ቃል ፍለጋ ስንት ዘመን እንደቆየሁ አላውቅም። ተከፈተች ካልኩ ልጃቸውን ሁለተኛ ሊቀብሩት ነው። አሁን አዎ ብላቸው ነገ ሌላ ሰው ሞቱን ይነግራቸዋል፤ ድንኳኑም አይኖርም፣ የያዛቸውም ሰው አይኖርም።

«አልተከፈተችም፣ እትዬ።»

ክንዴን ለቀቁኝ። ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ አውቄዋለሁ እንደማለት። ከዚያ ገለል ብለው ፍራሹ ላይ ቦታ ሰጡኝና ተቀመጥኩ። ፎቶውን አንሥተው የኔ ጉልበት ላይ አኖሩት፣ የልጃቸውንም ስም እየጠሩ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ።